አንብቤዋለሁ ማለት ገብቶኛል ማለት ነው?

(በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የቤት ሥራና የገበያ ሰዓት ነው፤ ያን ትታችሁ ስለ መጣችሁ አመሰግናለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች በኮምፒውተርና በስልክ ማንበብ ስለሚያስከትለው ጉዳት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ዓይን የምናገር መስሏቸው ይሆናል። ስለ ዓይንም አነሣለሁ። ነገር ግን 26 ዓመት ካስተማርኩ በኋላ እንቅልፍ የሚነሣኝ የዓይን ነገር አይደለም። የሚያስጨንቀኝ፣ ተማሪው ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ፣ ሁሉም የገባው መስሎት፣ በሙሉ ልብ ፈተና አዳራሽ ገብቶ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ የሚቀመጥበት ነገር ነው። ስክሪን በዚህ ላይ ድርሻ አለው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ከአንዲት ልጅ ልጀምር።

ጎረቤታችን ናት፤ አምና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ግንቦት ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ቤት እየመጣች ታጠና ነበር፤ እኛ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አምፖል አለን። አንድ ማታ ፊዚክስ ይዛ መጣች። መጽሐፉ የላትም። በክፍላቸው አንድ መጽሐፍ ለአምስትና ለስድስት ተማሪ ስለ ደረሰ፣ በቴሌግራም የተላከላቸውን ፒዲኤፍ በእናቷ ስልክ ነው የምታነበው። ገጹ የተዘጋጀው ለትልቅ ወረቀት ስለሆነ በስልኩ ልክ ሲሆን ፊደሉ እንደ ሰናፍጭ ይደቃል። በሁለት ጣቷ ትለጥጠዋለች። ሲለጠጥ የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ ገፍታ መጨረሻውን ታነባለች፤ ወደ ግራ ስትመለስ መስመሩን ትስታለች፤ ያነበበችውን ደግማ ታነባለች። ጥያቄው ሥዕል እንድትመለከት ያዝዛል። ሥዕሉ ያለው ከሁለት ገጽ በፊት ነው። ወደ ላይ ስትገፋ አለፈችው፤ ተመለሰች፤ አገኘችው። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች በቃሏ ይዛ ወደ ጥያቄው ስትወርድ ከስክሪኑ አናት ላይ የሆነ ሰው መልእክት ብቅ አለ። ቁጥሮቹ ከአእምሮዋ ጠፉ። እንደገና ወደ ላይ።

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ሰዓት ያዝሁ። አንዷን ጥያቄ ለመጨረስ 11 ደቂቃ ፈጀባት። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ እንዲያውም ከማውቃቸው ትጉሃን አንዷ ናት። ጉልበቷ ግን ፊዚክሱን በማሰብ ሳይሆን ገጹን በማሳደድ አለቀ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው።

የታተመ ገጽ ቦታ አለው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ትልቅ ነገር ነው። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። የብራና ዳዊታቸው ጥግ ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል። የዕለቱን መዝሙር ሲፈልጉ ቁጥር አያዩም ነበር፤ አውራ ጣታቸው ራሱ ቦታውን ያውቀዋል። ስለ አንድ ቃል ብጠይቃቸው መጽሐፉን ሳይከፍቱ «በቀኝ ገጽ ላይ ነው፤ ከታች፤ በቀይ ቀለም ከተጻፈው ስም ዝቅ ብሎ» ይሉኝ ነበር። በልጅነቴ ይህን የአያቴ የተለየ ጸጋ አድርጌ እቆጥረው ነበር። በኋላ ግን የሁላችንም አእምሮ እንዲሁ እንደሚሠራ ተረዳሁ። ኧርነስት ሮትኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ረጅም ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አንድ ሐሳብ በገጹ ላይ የት እንደ ነበረ፣ ከላይ ይሁን ከታች፣ ሳይነገራቸው እንደሚያስታውሱ አሳይቷል። ሐሳቡ በአእምሯችን የሚቀመጠው ከነቦታው ነው። መጽሐፉ በግራ እጅ እየወፈረ በቀኝ እጅ ሲሳሳ፣ የት እንደ ደረስን ጣታችን ይነግረናል። ስክሪን ላይ ግን ሁሉም ነገር በአንዲት መስኮት ውስጥ ይመጣል፣ በአንዲት መስኮት ውስጥ ያልፋል። ምዕራፍ አንድም ምዕራፍ ዘጠኝም የሚነበበው በዚያችው የብርሃን ሰሌዳ ላይ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ ቢሆን አዳራሽ ሙሉ ሰው አልሰበስብበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኖርዌይ ጥናት አለ። 72 የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ተከፍለው አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ ግማሾቹ በወረቀት፣ ግማሾቹ በኮምፒውተር በፒዲኤፍ አነበቡ። ከዚያ ምን ያህል እንደ ተረዱ ተጠየቁ። በወረቀት ያነበቡት በለጡ። እነዚህ ልጆች ኮምፒውተር የማያውቁ የገጠር ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ከሀብታም አገር የመጡ፣ ከኮምፒውተር ጋር ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አራት ተመራማሪዎች ከ2000 እስከ 2017 የተሠሩ 54 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ፤ በጠቅላላው ከ170 ሺህ በላይ አንባቢዎች ያሉባቸው ማለት ነው። ልብ ወለድና ታሪክ ነክ ትረካ ሲሆን ልዩነት አላገኙም። ዕውቀት የሚያስጨብጥ፣ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ያለ ጽሑፍ ሲሆን ግን ወረቀት ይበልጣል። እኔን ያስደነቀኝ ሌላኛው ግኝታቸው ነው፤ ዓመታቱ በገፉ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም። «የዛሬ ልጆች ከስክሪን ጋር ስለተወለዱ ይለምዱታል» የምንል ወላጆችና መምህራን ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት የእስራኤል ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጡ። መጀመሪያ ለሁሉም እኩል ሰዓት ሰጥተው ፈተኗቸው፤ በወረቀት ያነበቡትና በስክሪን ያነበቡት ያመጡት ውጤት ተቀራራቢ ሆነ። ቀጥለው ሰዓቱን ለተማሪዎቹ ለቀቁላቸው፤ «በቃኝ ስትሉ አቁሙ» አሏቸው። ያን ጊዜ በስክሪን ያነበቡት ዝቅ አሉ። ለምን? ቀደም ብለው «በቃኝ፣ ገብቶኛል» ስላሉ። ከፈተናው በፊት ስንት እንደሚያመጡ ሲጠየቁም ከሚያመጡት በላይ ገመቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በእኔ እምነት የስክሪን ንባብ ከባዱ ጉዳት ይኸው ነው። ዓይን ሲደክም ይታወቃል፤ ወገብ ሲያም ይታወቃል። ያልገባን ነገር የገባን ሲመስለን ግን ምንም ሕመም የለውም። ደስ ይላል እንጂ። ገጹ በጣት ግፊት ቶሎ ቶሎ ያልፋል፤ ፋይሉ ወደ መጨረሻው ይጠጋል፤ ሥራ የሠራን ይመስለናል። ፈተናው እስኪመጣ ድረስ የሚነግረን ሰው የለም።

እኔም ደርሶብኛል። ለሁለተኛ ዲግሪዬ በርቀት ስማር የንባብ ጽሑፎቹ በሙሉ ፋይል ነበሩ። ማታ ማታ ላፕቶፕ ከፍቼ፣ ዋና ዋና የመሰለኝን በቢጫ ቀለም እየቀባሁ ሦስት ወር አነበብሁ። ፈተናው ላይ ሁለት የትምህርት ፍልስፍና አስተሳሰቦችን እንዳነጻጽር ተጠየቅሁ። ቢጫው ቀለም ከነብርሃኑ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የቱን ሐሳብ እንደቀባሁት፣ ያን ሐሳብ ማን እንዳለው፣ ከሌላው በምን እንደሚለይ ግን ጨለመብኝ። በሌላ በኩል ደግሞ በ11ኛ ክፍል ሳለሁ ያጠናሁበትን የባዮሎጂ መጽሐፍ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የልብ ሥዕል በግራ ገጽ ላይ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ሻይ ያፈሰሰችበት ቡናማ ክብ ከግራው የታችኛው ክፍል ጎን ይታየኛል። ያን ክብ ሳስታውስ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አብሮ ይመጣልኛል። ያን ፈተና ደግሜ ተፈተንሁ። ለሁለተኛው ፈተና ሁሉን አላተምሁም፤ አቅሜም አይፈቅድም። ዋና ዋናዎቹን ምዕራፎች ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳትሜ፣ በእርሳስ እየጻፍሁባቸው አነበብሁ። አለፍሁ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ እንኳ ከጥናት ያገኘሁት ብቻ ሳይሆን አማርኛ ሳስተምርም ያስተዋልሁት ነው። በኮምፒውተር የሚያነቡ ሰዎች ዓይን እንዴት እንደሚሄድ በመሣሪያ ተከታትለው ያጠኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በ232 ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት፣ አንባቢዎች የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እስከ ዳር አንብበው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ታች ሲወርዱ የየመስመሩን መጀመሪያ ብቻ እየነኩ እንደሚያልፉ አሳይቷል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ቶሎ ይናገራል። አማርኛ ግን ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አፍራሹም አብሮ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለምሳሌ በሳይንስ መጽሐፍ ላይ እንዲህ የሚል ይኖራል፦ «ደም ቅዳ ቧንቧዎች ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት ደም ከልብ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያደርሳሉ ማለት ትክክል አይደለም።» የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ እየነካ የሚወርድ ዓይን «አይደለም»ን አያያትም። ተማሪው የተጻፈውን ተቃራኒ ይዞ ይሄዳል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ኦክስጅን ያነሰበት ደም እንደሚሸከም ፈተና ላይ ሲጠየቅ «መጽሐፉ እንዲህ አላለም» ብሎ ይከራከረኛል። መጽሐፉ ብሏል። በእኛ ቋንቋ አንድን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ መተው ከሌላው ቋንቋ ይልቅ ያስከፍላል።

ፊደላችንም የራሱ ጉዳይ አለው። ቡ እና ቢ፣ ሉ እና ሊ የሚለያዩት ቅጥያቸው ወገባቸው ላይ ወይም እግራቸው ላይ በመሆኑ ብቻ ነው። በደበዘዘ ትንሽ ስክሪን ላይ ይህች ቅጥያ ትጠፋለች፤ አንባቢው በግምት ይሞላታል። በዚያ ላይ የሚጠብቀውና የሚላላው ቃል በጽሑፍ አይለይም፤ «አለ» የሚለው ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ አማርኛ በጥድፊያ የሚነበብ ቋንቋ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ከግእዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ በደረጃ የሚያልፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁም ንባብ የሚባለው የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ በቅልጥፍና ማንበብ ፊደሉን በዝግታ ከጠገቡ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ስለ ዓይንና ስለ እንቅልፍ ባጭሩ ላንሣ። የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1993 የቢሮ ሠራተኞች ዓይን ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ቆጥረው ነበር። ሰው ዘና ሲል በአማካይ በደቂቃ 22 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል፤ መጽሐፍ ሲያነብ 10 ጊዜ፤ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ 7 ጊዜ። ዓይን በእንባ የሚረጥበው በመርገብገብ ስለሆነ፣ ባፈጠጥን ቁጥር ይደርቃል፤ ማቃጠሉና መቅላቱ ከዚያ ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነው፤ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ ማየት። መስኮት ካላችሁ ይበቃችኋል። እንቅልፍን በተመለከተ፣ በቦስተን 12 ወጣቶች ለአምስት አምስት ሌሊት ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ብርሃን በሚሰጥ ታብሌት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በታተመ መጽሐፍ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። በታብሌቱ ጊዜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በአንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ፤ ጠዋትም ድንዛዜ ተሰማቸው። 12 ሰው ጥቂት ነው፤ ብርሃኑም ከፍተኛ ነበር። ቢሆንም ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ይዛችሁ የምታጠኑ ልጆቼ፣ ያጠናችሁት በአእምሮ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና ተኙ።

መምህራን፣ እናንተ የምታስታውሱት ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» ገባ። በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በእንግሊዝኛ ከግድግዳው ላይ ይናገር ነበር። ለእኛ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተተወልን። ስክሪኑ ጥያቄ ይጽፍና «አንድ ደቂቃ አላችሁ» ይላል። ልጆቹ ጥያቄውን ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ አቁሙት» ያለኝ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ማቆም አልችልም ነበር። ከሀገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ላይ የሚሄድ ነገር ነው። ያን ጊዜ እንደ ሀገር ያየነው ይኸው ነው፤ በስክሪን ፊት ያለፈ ትምህርት ተማሪው ውስጥ የገባ ትምህርት አይደለም። አሁን ፋይሉን ማቆም ይቻላል፤ ወደ ኋላ መመለስም ይቻላል። ግን የሚያቆመው ማን ነው?

ስክሪንን ለማውገዝ አልመጣሁም። ማየት የተሳነው ተማሪ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ኮምፒውተር ባይኖር ስንት መጽሐፍ ይዘጋበት ነበር። አንድን ቃል ከ400 ገጽ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ፈልጎ ማግኘት ወረቀት የማይችለው ነገር ነው። ከከተማ ርቆ ላለ ልጅ ደግሞ ፒዲኤፉ ብቸኛው መጽሐፉ ነው፤ ያን ነጥቆ «ወረቀት ይሻልሃል» ማለት ግፍ ነው። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በኮምፒውተር ሆኗል። ስክሪን ላይ ጥያቄ አንብቦ መመለስን ያልተለማመደ ልጅ እዚያ ይጎዳል። ስለዚህ መለማመድ አለባችሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስዊድን በትምህርት ቤቶቿ ስክሪን ካበዛች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ ወሰነች፤ ለዚያ ዓመት ብቻ 685 ሚሊዮን ክሮነር ለመማሪያ መጻሕፍት መደበች። እነርሱ የሚመለሱበት መጽሐፍ ነበራቸው። እኛ ግን መጽሐፍ ሳይኖረን ነው ወደ ፋይል የተሻገርነው። ፋይል ስለ ተላከ መጽሐፍ እንደ ደረሰ አድርገን ከቆጠርን፣ ያቺ የጎረቤቴ ልጅ 11 ደቂቃዋን በምን እንዳጠፋች አልገባንም ማለት ነው። ወላጆች፣ በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ ግድግዳ ቀለምና ስለ ዩኒፎርም እንደምንጠይቀው ሁሉ «መጽሐፉ ታትሞ ስንት ልጅ እጅ ገብቷል?» ብለን እንጠይቅ።

ተማሪዎች፣ እስከዚያው ድረስ ስልኩ ላይ ማንበባችሁ አይቀርም። እኔ ለራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አንድ ንዑስ ርእስ ሳነብ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውን ሁሉ ዘግቼ ነው የማነበው። ሲያልቅ ስልኩን በፊቱ እደፋዋለሁ። ከዚያ ደብተር ላይ፣ ሳላይ፣ ያነበብሁትን በራሴ ቃል አራትና አምስት መስመር እጽፋለሁ። መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፤ ስልኩን ገልብጬ እመለሳለሁ። ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ሰሞን የሚጻፍ ነገር አጥቼ ደብተሩን ሳፈጥበት የቆየሁባቸው ማታዎች ብዙ ናቸው። ሥዕልና ቀመር ያለበትን ገጽ ግን አትታገሉት፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አሳትሙት፤ ካልሆነም በእጃችሁ ገልብጣችሁ ከጎናችሁ አድርጉት።

ከዚህ በላይ እንድታምኑኝ አልጠይቅም፤ ሞክሩት። ስለ ንብ አኗኗር ሁለት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። በቀኝ በኩል ለተቀመጣችሁት አሁን በወረቀት ይታደላል፤ በግራ በኩል ላላችሁት ያው ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ ቴሌግራም ላይ ተለቅቋል። የሰዓት ገደብ የለም፤ ገብቶኛል ያለ ሰው እጁን ያውጣ፤ የወጣበትን ሰዓት እመዘግባለሁ። ከዚያ 10 ጥያቄዎች ይታደላሉ። ጥያቄዎቹን ሳትገልጡ መጀመሪያ ከወረቀቱ አናት ላይ ከ10 ስንት እንደምታመጡ ገምታችሁ ጻፉ። ስም አያስፈልግም። ወላጆችም ትሳተፋላችሁ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነው፤ ጀምሩ።